እጀታውን ከመሳብህ በፊት

አንድ ሰው ለፈተና ይዘጋጅ ነበር።

ፈተናው የወረቀት አይደለም፤ የወረቀቱን አልፏል። ይኼኛው የቃል ነው። ሦስት ሽማግሌዎች ከጠረጴዛ ወዲያ ይቀመጣሉ፣ እሱ ወዲህ ይቀመጣል። ይጠይቁታል፣ ይመልሳል። መሰረዝ የለም፤ ቆይ ልመለስበት ማለት የለም። ከአፍ የወጣ ወጣ ነው።

ሰውየው መርሻ ይባላል። የመርከብ መሐንዲስ ነው። ዐሥራ ስድስት ዓመት ባሕር ላይ ኖሯል፤ ከዚያ ውስጥ ዐሥራ አንዱን በሁለተኛ መሐንዲስነት። አሁን የቀረው የመጨረሻው ወንበር ነው፤ የዋና መሐንዲሱ። ባሕረኞች «ቺፍ» የሚሉት ሰው ማለት ነው። በመርከብ ላይ ከታች ያለው ሁሉ የቺፉ ነው። ሞተሩ የሱ ነው። ነዳጁ የሱ ነው። ጀነሬተሩ፣ ቦይለሩ፣ ፓምፑ የሱ ነው። እዚያ ሙቀት ውስጥ የሚሠሩት ሰዎችም የሱ ናቸው።

ልብ በሉ፤ ሰዎቹ መጨረሻ ላይ ተጠሩ። መርሻም የሚያስበው በዚሁ ተራ ነበር።

ይህን ፈተና አንድ ጊዜ ወድቆታል። በዚያ ቀን ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠየቁት፤ ሁሉንም መለሰ። ከዚያ መካከል የተቀመጡት ሽማግሌ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው፣ እንዲህ አሉት።

«ሞተር ክፍሉ በእሳት ተያያዘ። በውኃ አልጠፋም፤ በአረፋ አልጠፋም። ምን ታደርጋለህ?»

«ሰው አስወጣለሁ። ነዳጁን እዘጋለሁ። ማራገቢያውን አቆማለሁ። በሩንም የአየር መግቢያውንም ሁሉ እዘጋለሁ። ሰው ይቆጠራል። ከዚያ የጋዙን እጀታ እስባለሁ።»

ይህ ጋዝ ምን እንደሆነ ስሙ። በመርከቡ አንድ ክፍል ውስጥ ሰው ሰው የሚያካክሉ ሲሊንደሮች ተደርድረው ይቆማሉ። እጀታው ሲሳብ የያዙትን ጋዝ ወደ ሞተር ክፍሉ ይለቁታል፤ በሁለት ደቂቃ ይሞላል። እሳቱ አየር አጥቶ ይሞታል። ነገር ግን ጋዙ እሳትን ከሰው አይለይም። ውስጥ የቀረ ሰው ካለ እሱም አየር አጥቶ ይሞታል። አንዴ ከተሳበ ደግሞ መመለሻ የለውም።

«ደግ» አሉ ሽማግሌው። «ሰው ቆጠርክ። ሃያ አራት መሆን ነበረባቸው፤ ሃያ ሦስት ሆኑ። አንድ ሰው ጎድሏል። ምን ታደርጋለህ?»

መርሻ ሁለቱንም መዘነ። ቢስብ ሰው ገደለ። ባይስብ መርከቡ ሃያ ሦስቱን ይዞ ይቃጠላል። ይሳብ ወይስ አይሳብ? የሸመደደውን መጽሐፍ በልቡ ገለጠ፤ ገጹ ባዶ ሆነበት።

ሽማግሌው ሰዓታቸውን አዩ። «አንድ ደቂቃ ሆነህ» አሉት። «እሳቱ አልጠበቀህም።»

ወደቀ።

እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? አትቸኩሉ። እሱም አንድ ዓመት ሙሉ አስቦበት መልስ አላገኘም።

ዓመቱ ሲሞላ ለሁለተኛ ጊዜ ተመዘገበ። የሚሠራበት ድርጅት አዲስ መርከብ ሊረከብ ነው። «የቺፉን ቦታ ለአንተ ይዘነዋል፤ ካለፍክ ያንተ ነው፤ ከወደቅህ ሌላ እንቀጥራለን» ብለውታል። ዕድሜው አርባ ሁለት ነው። ይህቺ ካለፈችው ሌላ አትመጣም። ይህን ያውቃል፤ ሚስቱ አረጋሽም ታውቃለች።

አረጋሽ ጥያቄዎቹን ከደብተሩ ላይ እያነበበች ትጠይቀዋለች።

«የቅባቱ ግፊት ቢወርድ?»

መለሰ።

«ነዳጁ ውስጥ ውኃ ቢገባ?»

መለሰ።

«ሰውዬ፣ እኔ ራሴ ልፈተን እንዴ? ሸምድጄው አለቀ!» አለችና ደብተሩን አጠፈችው። «ያቺ የጣለችህስ?»

«እሷን ተያት።»

«እኔ ብተዋት እሷ ትተውሃለች?»

ደብተሩን ከእጇ ወሰደ።

«አዳማ ያሉት ሰውዬ ጋ ሂድ። ቺፍ ሰንበቱ ጋ። ይህን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው ትል የለ? ሂድና ለምናቸው። መለመን ነውር አይደለም፤ ዳግም መውደቅ ነው ነውሩ።»

ቺፍ ሰንበቱ ሠላሳ ስምንት ዓመት ባሕር ላይ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ጡረታ ሲወጡ አዳማ ወፍጮ ቤት ከፈቱ። ወፍጮው በናፍጣ ሞተር ነው የሚሠራው። «ሞተር ሳልሰማ እንቅልፍ አይወስደኝም» ይላሉ። መርሻ ሲሄድ ቅንድባቸው ላይ ዱቄት ተኝቶ፣ ጆሮአቸውን ወደ ሞተሩ ሰጥተው ቆመው አገኛቸው። እህል ያመጡ ሴቶች ማዳበሪያቸው ላይ ተቀምጠው ተራ ይጠብቃሉ።

ሽማግሌው ሌላ ቦታ አልወሰዱትም። እዚያው፣ በዚያ ጩኸት ውስጥ፣ አቁመው ይጠይቁት ጀመር። «መርከብ ላይ ጸጥታ ማን ይሰጥሃል?» አሉት።

ሦስት ቀን እየተመላለሰ ተጠየቀ። ሴቶቹ ለመዱት። ወይዘሮ ዘነቡ የሚባሉ፣ በርበሬም ሽሮም የሚያስፈጩ ነጋዴ፣ ከሁሉ ይብሳሉ።

«ምነው ዝም አልክ ልጄ? ትናንት መልሰኸው የለም እንዴ!»

«እያሰብኩ ነው እናቴ።»

«ምን ያሳስባል? ዘይቱ ነዋ! ዘይቱ ቆሽሿል በላቸው!»

ወፍጮ ቤቱ ሳቀ። የሚያስደንቀው፣ መልሱ ዘይቱ ነበር።

በአራተኛው ቀን መርሻ አላስቻለውም። «ቺፍ» አለ፣ «አንዲት ጥያቄ አለችኝ።» እሳቱን፣ እጀታውን፣ የጎደለውን ሰው ነገራቸው። «ልሳብ ወይስ አልሳብ? አንዱን ብቻ ይንገሩኝ።»

ቺፍ ሰንበቱ ሄደው ሞተሩን አጠፉት።

«ነዳጅ አለቀ እንዴ?» አሉ ሴቶቹ።

«አላለቀም። ትንሽ ታገሡኝ።» ወደ መርሻ ዞሩ። «መጨረሻ የነበርክባት መርከብ ላይ ስንት ነበራችሁ?»

«ሃያ አራት።»

«በስም ጥራቸው።»

ካፒቴኑን ጠራ። መኮንኖቹን ጠራ። ሦስተኛውን መሐንዲስ፣ ኤሌክትሪሻኑን፣ ወጥ ቤቱን ጠራ። እየቆየ፣ እየቆየ ዐሥራ ዘጠኝ ደረሰ። እዚያ ላይ ቆመ።

«ሞተር ክፍሉን የሚጠርገው ሰውስ?»

«ዋይፐሩ? እሱን... ዋይፐር ነበር የምንለው።»

«ስንት ጊዜ አብራችሁ ነበራችሁ?»

«ስምንት ወር።»

«ስምንት ወር!» አሉ ወይዘሮ ዘነቡ። «ኧረ እኔ ለፋሲካ የገዛኋትን ዶሮ እንኳ በሦስት ቀን ስም አውጥቼላታለሁ!»

አሁን ግን ብዙ የሳቀ አልነበረም። መርሻ መሬት መሬቱን አየ።

ቺፍ ሰንበቱ አንዱ ማዳበሪያ ላይ ተቀመጡ። እንዲህ ብለው ነገሩት።

«ቀይ ባሕር ላይ ነን። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። ጀነሬተሩ ተነሥቶ ነደደ። ሁሉን ዘጋን። ሰው ስንቆጥር አንድ ጎደለ። እጀታው እዚህ ነው፤ በዚህ በቀኝ እጄ ነው የያዝኩት። ከእግሬ ሥር ብረቱ ይግላል። ካፒቴኑ 'ሳብ! መርከቡን ልታስበላኝ ነው!' እያለ ይጮኻል። የኔዎቹ ደግሞ 'ቺፍ፣ ሰው አለ! ሰው አለ!' ይላሉ። 'ማን ነው የጎደለው?' አልኩ። 'ማሕሙድ' አሉኝ። ከታጁራ የመጣ፣ ሞተሩን ዘይት የሚያጠጣ ልጅ ነው። ማሕሙድን አውቀዋለሁ። በዚያ ሰዓት የት እንደሚሆን አውቃለሁ። ሥራ ላይ ካልሆነ ይሰግዳል። የሚሰግደው ደግሞ ከመርከቡ ፊት፣ ገመድ ከሚቀመጥበት ክፍል ነው፤ ደወሉ እዚያ በደንብ አይሰማም። አንድ ሰው በሩጫ ላክሁ። ግንባሩ መሬት ላይ ሆኖ አገኘው። እጁን ይዞ አወጣው። ሳብኩ። እሳቱ ጠፋ። ሃያ ስድስታችንም ወደብ ገባን።»

ወይዘሮ ዘነቡ «ተመስገን» አሉ።

«ባላውቀው ኖሮስ?» አሉ ሽማግሌው። «ፍለጋ ሁለት ሰው ወደ እሳቱ እልክ ነበር። አንድ ፈልጌ ሦስት እቀብር ነበር። ወይም ስቤ፣ ሰው ገድያለሁ እያልኩ እኖር ነበር። አንተ 'ልሳብ ወይስ አልሳብ' ትለኛለህ። እሱ የመጨረሻው ጥያቄ ነው ልጄ። የፊተኛውን ዘለልከው።»

ተነሡና ሞተሩን አስነሡ።

መርሻ ወደ ውጭ ወጣ። ስልኩን አወጣ። አንዱን የሥራ ባልደረባውን ጠይቆ የዋይፐሩን ቁጥር አገኘ። ደወለ። ሰውየው ለእረፍት ወላይታ ቤተሰቡ ዘንድ ነበር።

«ሴኮንድ! ምነው በደህና ነው?» አለ ያኛው እየጮኸ። ሁለተኛ መሐንዲሱን በመርከብ ላይ «ሴኮንድ» ይሉታል።

«በደህና ነው። ስምህን ልጠይቅህ ነው።»

«ምን አሉኝ?»

«ስምህን!»

«ስሜን? ዱባለ ነኝ። ዱባለ ባልቻ። ስምንት ወር እኮ ነው ሴኮንድ አብረን የሠራነው።»

«አውቃለሁ። ይቅር በለኝ። ዱባለ፣ ሥራ ስትጨርስ የት ነበር የምታርፈው?»

«ሊቀጡኝ ነው?»

«አይደለም።»

«ከታች፣ ከነዳጅ ማጣሪያው ክፍል ጀርባ፣ መሰላሉ ሥር ጋደም እላለሁ። ሙቀት ነው፤ ግን ማንም አይጠራኝም።»

«ደወል ሲደወልስ?»

አልመለሰም።

«ዱባለ! ደወል ሲደወልስ?»

«አልሰማውም ሴኮንድ» አለ። ድምፁ ወረደ። «ግራ ጆሮዬ ከሄደ ሦስት ዓመቱ ነው። ቀኙም ጀነሬተሩ ሲሠራ አይለይም። የእሳት ልምምድ ሲሆን ጓደኞቼ ትከሻዬን መትተው ነው የሚያወጡኝ። ያስወጡኛል ብዬ ፈርቼ ነው ያልተናገርኩት።»

መርሻ የወፍጮ ቤቱን ግድግዳ ተደገፈ።

ስምንት ወር! በየሳምንቱ ልምምድ ሲደረግ ወረቀቱን ይዞ ሰው የሚቆጥረው እሱ ራሱ ነበር። «ሃያ አራት፣ ሙሉ» ብሎ ይፈርም ነበር። ከሃያ አራቱ አንዱ ደወል የማይሰማ ሰው ነበር፤ የሚተኛውም ነዳጁ አጠገብ ነበር። አንድ ቀን እሳት ቢነሣ፣ ጓደኞቹ በድንጋጤ ቢረሱት፣ መርሻ «አንድ ሰው ጎድሏል» ይል ነበር። ከዚያ ይስብ ነበር። ማንን እንደገደለ እንኳ ሳያውቅ።

«ለሐኪም እንነግራለን፤ አብሬህ እሄዳለሁ» አለው። «ከሥራ እንዳትወጣ እኔ እቆምልሃለሁ። ከእንግዲህ ግን መሰላል ሥር አትተኛም።»

ከዚያ ቀን በኋላ መርሻ ደብተሩን አልጣለም፤ ግን ሌላ ገጽ ጀመረበት። ሃያ ሦስቱን ባልደረቦቹን አንድ በአንድ ደወለላቸው። ወጥ ቤቱ ሽንኩርት ሊያመጣ ብሎ ማቀዝቀዣ ክፍል ሲገባ በሩ ይዘጋበታል፤ ከውስጥ መክፈት ያቅተዋል። ኤሌክትሪሻኑ ጭስ ሲያይ ወደ ውጭ አይሮጥም፤ ወደ ማከፋፈያ ሰሌዳው ነው የሚሮጠው። ሦስተኛው መሐንዲስ ልጁ የሞተችበት ወር ሲመጣ ከሰው ይርቃል፤ ከጭስ ማውጫው ሥር ብቻውን ይቀመጣል። መርሻ በአንድ ብረት ውስጥ ተዘግቶ አብሯቸው ሲበላና ሲጠጣ የኖረ ሰው ነው። ሞተሩን በድምፁ ያውቀዋል። ሰዎቹን ግን አያውቃቸውም ነበር። እየጻፈ ይደነቃል፤ እየተደነቀ ይፈራል። አረጋሽ ማታ ታነብና «ይኼ ሁሉ ሰው ነበር እንዴ እዚያ ውስጥ?» ትለዋለች። «ነበር» ይላታል።

ፈተናው ደረሰ።

ያው ክፍል፣ ያው ጠረጴዛ፣ ያው ሦስት ሽማግሌዎች። ጠየቁት፤ መለሰ። መካከል ያሉት ቀጭኑ ሰው ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲያዳምጡ ቆዩና ወረቀታቸውን ገለጡ።

«ሞተር ክፍሉ ተያያዘ። ሁሉን ዘጋህ። ሰው ቆጠርክ። ሃያ አራት መሆን ነበረባቸው፤ ሃያ ሦስት ሆኑ። አንድ ሰው ጎድሏል። ምን ታደርጋለህ?»

«ማን ነው የጎደለው?» አለ መርሻ።

ሽማግሌው ቀና አሉ። «ምን አልክ?»

«የጎደለው ማን ነው ጌታዬ?»

«ምን ለውጥ ያመጣል? አንድ ሰው ነው።»

«አንድ ሰው የሚባል ሰው መርከብ ላይ የለም ጌታዬ። ማን እንደሆነ ካላወቅሁ ሞተር ክፍሉን በሙሉ መፈለግ አለብኝ፤ ግማሽ ሰዓት ነው። እሳቱ አይጠብቀኝም። ማን እንደሆነ ካወቅሁ የት እንዳለ አውቃለሁ። መተንፈሻ ያደረጉ ሁለት ሰዎች በቀጥታ እልካለሁ፤ ሦስት ደቂቃ ነው። ምናልባትም ውስጥ አይደለም፤ ሰው ወደማይፈልገው ቦታ ሄዶ ይሆናል። ስሙን ይንገሩኝ።»

ሽማግሌው ወረቀቱን አዩ። ገልበጥ አድርገው ጀርባውንም አዩ። ያቺን ጥያቄ ለስንት ዓመት ጠይቀዋታል፤ ስንቱን ጥለውባታል። ወረቀቱ ላይ ግን ስም አልነበረም።

«ስም አልሰጠነውም» አሉ ቀስ ብለው። «አንተ ስጠው።»

«ዱባለ ባልቻ» አለ መርሻ። «ደወል አይሰማም። የሚገኘው ከነዳጅ ማጣሪያው ክፍል ጀርባ ነው። በአደጋ ጊዜ መውጫው በኩል ነው የምልካቸው፤ ትከሻውን እንዲነኩት ነው የምነግራቸው፤ ቢጣሩ አይሰማቸውምና።»

በግራ የተቀመጡት ሽማግሌ እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ።

«ባይገኝስ?» አሉ ቀጭኑ ሰው። አልለቀቁትም።

መርሻ ሽማግሌውን ቀና ብሎ አያቸው። በዚህ ጊዜ ገጹ ባዶ አልሆነበትም።

«ሰዎቼ ባዶ እጃቸውን ከተመለሱ፣ ከካፒቴኑ ጋር የቆረጥነው ደቂቃም ካለቀ እስባለሁ» አለ። «ሃያ ሦስት አሉብኝ። ስስብ ግን 'አንድ ሰው ጎድሏል' ብዬ አይደለም። ስሙን ጠርቼ ነው። እናቱም ዘንድ የምሄደው እኔ ነኝ።»

ከዚያ በኋላ የጠየቀው የለም።

አለፈ ወይ ትላላችሁ? አዎ፤ አለፈ። ያቺን መርከብ ተረከበ። ይህን ያህል ይበቃችኋል።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ ወገኖቼ።

ይህ ዓለም አይነድም? ይነዳል። ክፋቱ ጣራ አልነካም? ነክቷል። እናንተው ስትጸልዩ «ጌታ ሆይ፣ እስከ መቼ? ምን ትጠብቃለህ?» ትላላችሁ። እጁ እጀታው ላይ አይደለምን? ነው። ሊስብ አይችልምን? ይችላል። ታዲያ ምን ያዘው?

ሰው ጎድሎበት ነው።

ቁጥር አይደለም የጎደለበት። እሱ ዘንድ «አንድ ሰው» የሚባል የለም። ማን እንደጎደለ ያውቃል። በየትኛው መሰላል ሥር እንደተኛ ያውቃል። የትኛው ጆሮው እንደማይሰማ ያውቃል። ስለዚህ በጩኸት ብቻ አይጠራችሁም፤ ሰው ልኮ ትከሻችሁን ያስነካችኋል። ስንት ጊዜ ተነክታችኋል? ያን በሽታ፣ ያን ሐዘን፣ ያን ደጃችሁ ድረስ መጥቶ የመከራችሁን ድሀ ምን ብላችሁ አሳለፋችሁት? ሰማይና ምድርን የያዘ እጅ ለአንድ ለእናንተ ብሎ ታግሦ ቆሟል። ይህን ሰምቶ የማይንቀጠቀጥ ጉልበት ማን አለው?

ነገር ግን ወገኖቼ፣ እናንተም እጀታ ይዛችኋል።

አባት ይዟል። እናት ይዛለች። የዕድር ዳኛ ይዟል፤ የማኅበር ሰብሳቢ ይዟል። በቤታችሁ ጠብ ሲነሣ፣ ነገር ሲቃጠል፣ የመጀመሪያው ሐሳባችሁ ምንድን ነው? በሩን ዝጉት። ስሙን ሰርዙት። ከእንግዲህ ልጄ አይደለችም። እሳቱ ይጠፋል፤ እውነት ነው። ቤቱ ጸጥ ይላል። ከዚያ ጸጥታ ውስጥ ማን አየር አጥቶ እንደቀረ ግን ጠይቃችኋል?

«ስድስት ልጆች አሉኝ» ትላለህ። ቁጥሩን አውቀኸዋል። ከስድስቱ ስትጣራ የማይሰማህ የትኛው ነው? ሲከፋው የት ነው የሚሄደው? በየበዓሉ ገበታ ላይ «ሙሉ ነን፣ ተመስገን» ብለህ ትፈርማለህ። እውነት ሙሉ ናችሁ?

አሁን፣ እዚህ ተቀምጣችሁ፣ አንድ ስም ወደ ልባችሁ መጥቷል። መጥቷል እንጂ። በሩን የዘጋችሁበት ሰው ነው። የት እንዳለም ታውቃላችሁ፤ በየትኛው ሰፈር፣ በማን ቤት፣ ከማን ጋር እንደተጠጋ ታውቃላችሁ። «አላውቅም» አትበሉ፤ እየጠየቃችሁ ስትሰሙ ኖራችኋል።

ጊዜው አጭር ነው። ብረቱ ከእግራችን ሥር ይግላል። ተነሡና ሂዱ። ከደጁ ቆማችሁ አትጣሩ፤ ግቡና ትከሻውን ንኩት።